የጋራ ኦፕሬሽን ኬዝ ስተዲ የሚያድስ አማካሪ ስትቀጥሩ

ስልጠና ክፍል የሠራ ሰው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ስለ መጋራታቸው (የጋራ ኦፕሬሽን) የተጻፈውን ይህን ኬዝ ስተዲ፣ ማለትም ሰልጣኞች የሚወያዩበትን የችግር ታሪክ፣ ያውቀዋል። አራት መሥሪያ ቤቶች አንድ ሕንፃ ውስጥ አሉ። እያንዳንዱ የራሱ መኪና፣ የራሱ ጥበቃ፣ የራሱ ኢንተርኔት፣ የራሱ የግዥ ኮሚቴ አለው። መጨረሻ ላይ «በጋራ ቢሠሩ ምን ይጠቀማሉ?» የሚል ጥያቄ ተቀምጧል። ሰልጣኞች በቡድን ይቀመጡና ፍሊፕ ቻርቱ ላይ «ወጪ ይቀንሳል፣ ቅንጅት ይጠናከራል፣ ግልጽነት ይሰፍናል» ብለው ይጽፋሉ፣ አንዱ ያቀርባል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ምሳ። ሰውየው ሰኞ ቢሮው ሲገባ አንዲት መኪና እንኳ ከጎረቤት ቢሮ ጋር ለመጋራት የሚያስችለው ነገር አልያዘም።

አለቃ «ይሄ ነገር አርጅቷል፣ አማካሪ ይቀጠርና ይታደስ» ሲል ደግሞ ሁላችንም የምንሮጠው ቢጋር (የሚፈለገውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ) ጽፈን ማስታወቂያ ለማውጣት ነው። ቆይ። ምኑ እንደተበላሸ ሳታውቁ የቀጠራችሁት አማካሪ የሚያድስላችሁ ሽፋኑን ነው። ሎጎው ይቀየራል፣ ፎቶ ይገባል፣ ሰንጠረዡ ቀለም ይቀባል፣ 12 ገጽ የነበረው 20 ይሆናል፣ ሂሳቡም ይከፈላል።

ከማስታወቂያው በፊት

መጀመሪያ ካለፉት ስልጠናዎች የተረፉትን የፍሊፕ ቻርት ፎቶዎች ሰብስቡ። አንድ ሰው ስልክ ላይ መኖራቸው አይቀርም። ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት መልስ ላይ ከደረሰ ኬዙ ውስጥ የሚወሰን ነገር የለም ማለት ነው፤ ችግሩ ቋንቋው ወይም ዲዛይኑ አይደለም። ቀጥሎ ለጥቂት የድሮ ሰልጣኞች ደውሉና «ከዚያ ኬዝ ምን ታስታውሳለህ?» ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። «ጥሩ ነበር» ካሉ በኋላ ዝምታ ከተከተለ መልሱን አገኛችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን አሰልጣኙን ማናገር ነው። ክፍል ውስጥ ቆሞ ወረቀቱ ላይ የሌለ ምን ነገር በቃሉ እየጨመረ እንደሚያስተምር ጠይቁት። ጥሩ አሰልጣኝ «እዚህ ጋ አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ» ብሎ የሚጀምራት ታሪክ አለችው። ብዙ ጊዜ ኬዙ መሆን የነበረባት እሷ ናት። ጻፉና ለአማካሪው ስጡት፤ ያለዚያ እሱም እንደገና ፈልጎ ሊያገኛት ቀን ያስከፍላችኋል።

ያረጀው ምኑ ነው?

ኬዙ ስለ ተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ከሆነ መቼ እንደተጻፈ እዩ። በዚህ ጉዳይ ላይ በየቦታው የሚዞሩ የስልጠና ጽሑፎች ብዙዎቹ ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ አገር እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት «ዴሊቨሪንግ አዝ ዋን» የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 በከፍተኛ ፓነል ሪፖርት ቀረበ፤ በ2007 በ8 አገሮች ሙከራ ተጀመረ። ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬፕ ቨርዴ፣ አልባኒያ፣ ፓኪስታን፣ ኡራጓይና ቬትናም ነበሩ። በዚያ ዘመን የተጻፈ ኬዝ ውስጥ የአገሪቱ ነዋሪ አስተባባሪ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቶቹን ሁሉ የሚያስተባብረው ሰው፣ ራሱ የአንዱ ቤት የዩኤንዲፒ (የልማት ፕሮግራሙ) ኃላፊም ነው፤ ስለዚህ ሌሎቹ «አስተባባሪው ለቤቱ ያዳላል» ብለው ይጠረጥሩታል፣ ግማሹ ድራማም እዚያ ላይ የቆመ ነው። ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተዋል። ድራማው ፈረሰ።

ሌላም አለ። በድሮው ኬዝ ትልቁ እንቅፋት «የእኛ ደንብ በሌላ ቤት ውል መግዛት አይፈቅድም» የሚለው ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች የጋራ እውቅና የሚባለውን መግለጫ ፈረሙ። በዚህም አንዱ ቤት በደንቡ መሠረት ያካሄደውን ጨረታና የገባውን ውል ሌላው እንደገና ጨረታ ሳያወጣ እንዲጠቀምበት ተስማሙ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰልጣኝ «ደንቡ አይፈቅድም» ብሎ ቢመልስ ልክ አይደለም፣ ቢያንስ መከራከር አለበት። ኬዛችሁ ግን አሁንም ይህን መልስ እንደ ትክክለኛ ይቀበላል። የዋና ጸሐፊው ግብ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ ከቢሮዎቹ ግማሹ በጋራ ሕንፃ እንዲሆኑ ነበር፤ «ወደፊት ይደረጋል» የሚል ኬዝ በእጃችሁ ካለ ወደፊቱ አልፏል።

የአገር ውስጥ ድርጅቶች ኬዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈተሻ አለ። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን የተጻፈ ከሆነ 70/30 የሚባለው ሕግ (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር) እያንዳንዱ ገጽ ላይ አለ። ያ አዋጅ በ1113/2011 ተተክቷል፤ አዲሱ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ድርጅቶች መኪናና ቢሮ ለመጋራት የሚያስቡበት አንዱ እውነተኛ ምክንያት ይሄ ጣሪያ ስለሆነ ቁጥሩ የተሳሳተ ኬዝ ሂሳቡን በሙሉ ያበላሸዋል።

ብሩንማ አታንሱት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሄደ። ስለዚህ «ዓመታዊ ቁጠባ 400,000 ብር» የሚል መስመር ዛሬ ሰልጣኙን ያስቀዋል። ኢንተርኔቱም እንዲሁ፤ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ «አማራጭ አቅራቢ የለም» የሚለው አንቀጽ አይሠራም። መኪናውም ተለውጧል፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ «አሮጌዎቹን ሸጠን አዲስ እንገዛለን» የሚለው አማራጭ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ከሁሉ ትልቁ ለውጥ ግን ስሜቱ ነው። የድሮ ኬዞች የተጻፉት ገንዘብ በነበረበት ጊዜ ነው፤ መጋራት «የተሻለ አሠራር» ነበር። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ተቋርጦ ስንት ፕሮጀክት እንደተዘጋ እናውቃለን። ዛሬ ሰልጣኙ «የጋራ አገልግሎት» ሲባል የሚሰማው «የማን ቦታ ሊታጠፍ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህን የማያነሳ ኬዝ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ጋር አይነጋገርም።

ኬዙ ውስጥ የሚጎዳ ሰው ይኑር

ለአማካሪው በግልጽ ልትጠይቁት የሚገባው አንድ ነገር ይሄ ነው፦ ከመጋራቱ የሚጎዳ ሰው አሳየኝ። የጋራ ሥራ በየቦታው የሚከሽፈው ጥቅሙ ስለማይገባን አይደለም። ጥቅሙ የሁሉም፣ ጉዳቱ ግን የአንድ ቤት ወይም የአንድ ሰው ስለሆነ ነው።

ቁጥር ልስጣችሁ፤ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። አራት ቤቶች አሉ፣ ሠራተኞቻቸው 60፣ 25፣ 10 እና 5። የጋራ ጥበቃ በወር 200,000 ብር ያስወጣል። እኩል ከተካፈሉት እያንዳንዱ 50,000 ይደርሰዋል። በሠራተኛ ቁጥር ከሆነ 120,000፣ 50,000፣ 20,000 እና 10,000። በያዙት ስፋት ቢሆንስ? የሕንፃውን 40፣ 30፣ 20 እና 10 በመቶ ይዘዋል እንበልና 80,000፣ 60,000፣ 40,000 እና 20,000 ይሆናል። አሁን ተመልከቱ። ትልቁ ቤት እኩል ክፍያ ይፈልጋል፣ ሁለቱ ትንንሾች በሠራተኛ ቁጥር ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ቤት ግን በሁለቱም 50,000 ነው የሚከፍለው፣ ስፋት ብቻ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ወሳኙ ድምፅ እሱ ጋ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሊለምነው ይመጣል። እነዚህን ቁጥሮች ለአራት ቡድን ለየብቻ በወረቀት ብትሰጡ ክፍሉ ውስጥ ጩኸት ይነሳል፤ ማንም «ቅንጅት ይጠናከራል» ብሎ አይጽፍም።

ሁለተኛው ወጥመድ የሥራ ጫና ነው። እያንዳንዱ ቤት የጥበቃ ጨረታውን ለየብቻ ሲያካሂድ 10 የሥራ ቀን ይፈጅበታል እንበል፤ ለአራቱ 40። በጋራ ሲሆን አንዱ መሪ ሆኖ በ14 ቀን ይጨርሰዋል። 26 ቀን ተቆጠበ! ሪፖርቱ ላይ ያምራል። መሪው ቤት ግን 10 ቀን የነበረው 14 ሆነበት፣ ሦስቱ ጎረቤቶቹ ቡና እየጠጡ ነው። ማን መሪ ይሆናል? ይህን ጥያቄ የማይመልስ ስምምነት በሁለተኛው ዓመት ይፈርሳል። በተጨማሪ የተቆጠበው 26 ቀን ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ደሞዙ ያው ይከፈላል። ጥሩ ኬዝ ሰልጣኙ የጊዜ ቁጠባንና የገንዘብ ቁጠባን አንድ ላይ ደምሮ እንዲሳሳት ቦታ ይተውለታል፣ ከዚያ አሰልጣኙ ይይዘዋል።

ሦስተኛው ደግሞ ሰው ነው። ስድስት ሹፌር የነበረው የጋራ መኪና ምድብ አራት ይበቃዋል ከተባለ ሁለቱ ማን ናቸው? አንዱ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ሌላው የሌላ ቤት ቅጥር ነው። ይህን ለመጻፍ የሚፈራ አማካሪ አለ፣ «ሴንሲቲቭ ነው» ይላል። ሴንሲቲቭ ስለሆነማ ነው ሥልጠና ያስፈለገው።

የበጀት ዓመትንም አስታውሱ። አንዱ ቤት ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራል፣ አብሮት ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የጋራ ክፍያ መቼ ነው የሚጠየቀው? ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰኔ ውስጥ «በጀት ዘግተናል» የሚለው መልስ ስንት ጥሩ ሐሳብ እንደቀበረ ፋይናንስ ያለ ሰው ይነግራችኋል።

ማንን ትቀጥራላችሁ?

በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ሰው ያመለክታል። ለብዙ ዓመት ኦፕሬሽን ሲመራ የኖረና ጡረታ የወጣ አለ፤ ጉዳዩን ከሥሩ ያውቃል፣ ግን ሲጽፍ የመመሪያ ቋንቋ ነው የሚወጣው፤ ሁሉንም ስለሚያውቅ ሁሉንም ያስገባል። ሁለተኛው የስልጠና ዲዛይን ባለሙያ ነው፣ ሰው እንዴት እንደሚማር ያውቃል፣ የጥበቃ ውል ምን እንደሚመስል ግን አላየም። ሦስተኛው 60 ገጽ ፕሮፋይል ያለው ድርጅት ነው፤ ፕሮፖዛሉን አንጋፋው ሰው ይፈርማል፣ ሥራውን የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ከእናንተ ቤት አንድ የግዥ እና አንድ የፋይናንስ ሰው ለዚሁ ሥራ በጽሑፍ ይመደቡለት። ዕውቀቱ ቤታችሁ አለ፤ የሌላችሁ ወደ ውሳኔ የሚቀይረው እጅ ነው። ይህን በተቃራኒ የሚያደርጉ አሉ፣ የጉዳዩን ሊቅ ይቀጥሩና «አሰልጣኝ ከእኛ» ይላሉ። አላምንበትም። ድርጅት ከመረጣችሁ ደግሞ የሚጽፈው ሰው ስም ውሉ ላይ ይግባ፣ ያለ እናንተ ፈቃድም አይቀየር።

ሲቪ ማንበብ ብዙ አይነግራችሁም። ለመጨረሻው ዙር ለቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከድሮው ኬዝ ሁለት ገጽ ሰጥታችሁ «ምኑን ታወጣለህ?» በሉ። ለዚህ ግማሽ ቀን ትንሽ ክፍያ ብትመድቡ ነውር የለውም፣ እንዲያውም በነጻ ማሠራቱ ነው ነውሩ። መጨመር ብቻ የሚያውቅ ሰው አይሆንም። ከዚያ ከዚህ በፊት የጻፈውን የአሰልጣኝ መመሪያ ጠይቁ፤ ኬዙን ሳይሆን መመሪያውን። ኬዝ ማንም ይጽፋል። መመሪያው ግን «ቡድን ሁለት በዚህ ሰዓት ይህን ስህተት ይሠራል፣ ያኔ ይህን ጠይቅ» የሚል ከሆነ ሰውየው ክፍል ውስጥ ቆሞ ያውቃል።

ስለ አማካሪው የቀድሞ ሥራ ስታጣሩም አሠሪውን ብቻ አትጠይቁ፤ አሠሪው በጊዜ ማስረከቡን ነው የሚያስታውሰው። እሱ በጻፈው ኬዝ የሠለጠነ ሰው ፈልጉ።

ቢጋሩና ገንዘቡ

ቢጋሩ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የድርጅቱን ታሪክ ተዉት፣ ድረ ገጻችሁ ላይ አለ። የሚያስፈልገው ሰልጣኙ ማን ነው፣ ስልጠናው ስንት ሰዓት ነው፣ ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። «ግንዛቤ ያገኛል» አትበሉ። «የአራት ቤቶችን የወጪ መጋራት ቀመር በሦስት መንገድ አስልቶ አንዱን ተከራክሮ ያስመርጣል» በሉ፤ ያኔ አማካሪውም ምን እንደሚሸጥ ያውቃል፣ እናንተም ምን እንደምትረከቡ።

የሚረከቡትን ስም ጥሩ፦ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ የኬዝ ጽሑፍ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የሚና ወረቀት፣ የሚሠራ የኤክሴል ፋይል፣ የአሰልጣኝ መመሪያ። የሚና ወረቀቶቹ ሌላው ቡድን የማያየው መረጃ መያዝ አለባቸው፤ ሁሉም ሁሉንም ካየ ድርድር የለም። ኤክሴሉ ላይ ፈተና አድርጉ፣ አንድ ቁጥር ቀይሩና ሌላው ሁሉ አብሮ ይቀየር እንደሆነ እዩ። ቁጥር በእጁ የጻፈ ሰው እዚህ ጋ ይያዛል። በነገራችን ላይ ቻትጂፒቲ አጻጻፉን ያሳምራል፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አለበት። ቢጠቀምበት አልቃወምም፤ ውሉ ላይ ግን የቤታችሁን ሰነድ እዚያ እንዳይጭን ይጻፍ።

ለግማሽ ቀን ኬዝ ከ15 እስከ 25 የሥራ ቀን ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በታች የጠየቀ የድሮ ሥራውን ስም ቀይሮ ሊሰጣችሁ ነው፣ በጣም በላይ የጠየቀ ደግሞ ጥናት ሊያጠና ነው። ክፍያውን በቀን ሳይሆን በሥራው እሰሩት፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ከሙከራ ስልጠናው በኋላ ይሁን። 20 በመቶ ዕቅዱ ሲጸድቅ፣ 20 ረቂቁ ሲገባ፣ 40 ሙከራው ተካሂዶ እርማቱ ሲገባ፣ 20 የመጨረሻው ፋይል ሲረከብ። አማካሪው ቅድሚያ ላይ ብዙ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተደራደሩ እንጂ አትቆጡት፣ እሱም ኪራይ አለበት። ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን በመጀመሪያው ቀን አጥሩ፤ የዊዝሆልዲንጉንም እንዲሁ። በዚህ ጉዳይ መጨረሻ ላይ የሚነሳ ጭቅጭቅ ሥራውን ያስረሳል።

የቅጂ መብት የማን እንደሚሆን ይጻፍ። ፒዲኤፍ ብቻ አትረከቡ፣ የሚስተካከል ፋይል ይምጣ። ሁለት አንቀጽ ለመቀየር በየዓመቱ ሰውየውን መለመን የለባችሁም።

እውነተኛ መረጃ የምትሰጡት ከሆነም ተጠንቀቁ። የደሞዝ ሰንጠረዥና የሠራተኛ ስም ያለበት ፋይል እንዳለ አይውጣ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስሙን መቀየር ብቻውንም አይበቃም። «በአራተኛው ፎቅ ያለው ባለ አምስት ሠራተኛ ቢሮ» ካላችሁ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ተመሳሳይ ቁጥር አባዙ፣ ፎቁን ቀይሩ፣ ሁለት ቤቶችን አዋሕዱ።

ሙከራው

ሙከራ ስልጠናውን ለወዳጆቻችሁ አታድርጉት፣ ሁሉም «በጣም ቆንጆ ነው» ይሏችኋል። ግዥ፣ ፋይናንስ፣ የመኪና ስምሪት፣ አይቲ ያለ ሰው ተደባልቆ ይቀመጥ። አንድ የቤት ኃላፊም ይኑር፤ ኃላፊ ሲኖር ሰው ዝም ይላል ትላላችሁ፣ ግን በእውነተኛው ስብሰባ ላይም አለቃ አለ፣ ኬዙ ያንን መቋቋም አለበት።

ስልጠናውን አማካሪው ራሱ አይስጠው። የእናንተ አሰልጣኝ መመሪያውን ይዞ ይቁም፣ አማካሪው ከኋላ ተቀምጦ አፉን ይዝጋ። ከባድ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። መመሪያው ብቻውን መቆም ካልቻለ ሰውየው ከሄደ በኋላ የገዛችሁት ነገር ከእሱ ጋር ይሄዳል። እናንተ የምታዩት ሁለት ነገር ነው፦ ቡድኖቹ የተለያየ ውሳኔ ላይ ደረሱ ወይ፣ እና የመጀመሪያው ክርክር በስንተኛው ደቂቃ ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በጸጥታ የሚነበብ ከሆነ ጽሑፉ ረዝሟል፤ ይቆረጥ። ሰልጣኞች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብበው በአማርኛ የሚከራከሩ ከሆነ የሚና ወረቀቶቹን በአማርኛ አድርጓቸው፣ ኬዙ በእንግሊዝኛ ቢቀርም ችግር የለውም።

የአስተያየት ፎርሙን ብዙ አትመኑት። ስልጠናው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ከተሳታፊዎቹ ለሦስት አራት ሰው ደውሉ፤ ከሌላ ቢሮ ጋር ስለ መኪና ወይም ስለ ውል ያነጋገረ አለ ወይ በሉ። ይህ ጥሪ ከአማካሪው የመጨረሻ ክፍያ በኋላ ስለሚሆን እሱን አያስጨንቀውም፤ እናንተን ነው የሚጠቅመው።

የመጨረሻውን ፋይል ስትረከቡ በየጊዜው የሚያረጁ ቁጥሮች ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ እንዲያያዝ ጠይቁ፦ ምንዛሪ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የጥበቃ ውል ዋጋ፣ የሕግ ጣሪያዎች፣ የትኛው የኤክሴል ሕዋስ ላይ እንዳሉ ጭምር። ከጎኑ ቤታችሁ ውስጥ የሚያድሰው ሰው የሥራ መደብ ይጻፍና በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይስተካከል።